«30 ሊትር ትሰጣለች» ሲባል ስንት ሊትር ነው?

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ የወተት ላም ሊገዛ ሲነሳ አብሬው ወጣሁ። የእንስሳት እርባታ ስለተማርኩ ይጠቅመኛል ብሎ ነው የወሰደኝ፤ መንገድ ላይ ግን ጆሮውን የሰጠው ለደላላው ነበር። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ በማትርቅ ከተማ ዳርቻ፣ አሥራ አንድ ላሞች ካሉት ሰው ግቢ ደረስን። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው። ቡና አስፈላልን፤ ስኒው ሳይነሳ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አስመጣና «እኛ እንደ ሌላው በአፍ አንሸጥም፣ የእያንዳንዷ መዝገብ ይኸውና» አለ። የቀረበችልን ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናት፤ ግቷ ሞልቶ ጡቶቿ ወደ ጎን ተወጥረዋል። «ይቺ 30 ሊትር ትሰጣለች። እየው፣ ተጽፏል።»

እውነትም ተጽፏል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ፣ ድምር ተብሎ በማስመሪያ ተሰምሮ ተሞልቷል። 15፣ 15፣ 30። 15፣ 10፣ 25። 20፣ 10፣ 30። ገጹን ሳገላብጥ ሁለት ነገር ከነከነኝ። ስድስት ወር ሙሉ የተጻፈው በአንድ እስክሪብቶ ነው፤ ቀለሙም አልደበዘዘ፣ እጁም አልተለወጠ። በረት ውስጥ የሚውል ደብተር ወተት ይነካዋል፣ እበት ይነካዋል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፤ ይሄ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። ደግሞም በዚያ ሁሉ ገጽ መጨረሻው 0 ወይም 5 ያልሆነ ቁጥር አላገኘሁም። በእውነት የተለካ ወተት አንድ ቀን 13.4፣ ሌላ ቀን 11.8 ይሆናል፤ ላም በአምስት በአምስት እየቆጠረች አትታለብም።

ያኔ ምንም አልተናገርኩም። ወደዚያ ደብተር እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ነገሩ ከአንድ ግቢ የሰፋ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የወተት ላምና ጊደር ፈላጊው በዝቷል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ካሏት ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ ከብቶች ከ100 ዘጠና ሰባቱ የአገር ውስጥ ዝርያ ናቸው፣ የእነሱም ላም በአማካይ በቀን የምትሰጠው ከ1.5 ሊትር ብዙ አይዘልም። ስለዚህ አንዲት የተዳቀለች ላም ከመቶ ሺህ ብር በላይ ስትሸጥ የሚሸጠው ሥጋዋና ቆዳዋ ሳይሆን ቁጥሯ ነው። ለዘር ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ከራሷም ያልፋል፦ ልጇ ኮርማ ሆኖ ለሰፈሩ ይቆማል፣ ወይም ዘሩ በቀጭን ቱቦ ተሞልቶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደየወረዳው ይጓዛል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ዛሬ ላሟ ደብተር ላይ ያለች ለሆነበት ገዢ ነው የሚስማማው።

ውሸታም ሻጭ አለ፤ እሱን ማወቅ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው፣ በቅን ልቦና የተጻፈ፣ አንድም የሐሰት ቁጥር የሌለበት መዝገብ እንኳ ስለ ላሟ ዘር ምንም ላይነግረን መቻሉ ነው። መዝገብ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ አልዋሸም ተብሎ ብቻ አይታመንም፤ የት ቆሞ አየ፣ ምን ያህል አየ፣ ያላየውስ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል።

ከአለካኩ ልጀምር። ወተት በጆግ ሲለካ አረፋውም ሊትር ይሆናል። በፍጥነት የታለበ ወተት ላይ የሚቆመው አረፋ ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ባልዲው በተንጠልጣይ ሚዛን ተመዝኖ የባልዲው ክብደት ቢቀነስ ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ማን ለካ የሚለው አለ። ገበሬዎች ተሰባስበው ላሞቻቸውን የሚለካ ሰው የቀጠሩበት የመጀመሪያው ማኅበር በዴንማርክ ቬየን በተባለች ቦታ በ1895 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው፤ አሜሪካም ውስጥ በ1905 ሚሺጋን ላይ ተመሳሳዩን ያስጀመረው ዴንማርካዊ ነበር። የሐሳቡ ልብ አንድ ነው፦ ለኪው የላሟ ባለቤት አይሁን። በ1951 ሮም ላይ የተመሠረተውና በአጭሩ አይካር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምዝገባ ኮሚቴ እስከ ዛሬ ድረስ ባለቤቱ ራሱ የመዘገበውንና ከውጭ የመጣ ሰው የመዘገበውን በተለያየ ምልክት ነው የሚለየው። ባለቤቱ የጻፈው አይጣልም፤ ባለቤቱ እንደጻፈው ግን ይታወቃል።

በየቀኑ መለካት ግድ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይደለም። በወር አንድ ቀን፣ የ24 ሰዓቱን ወተት በሚዛን ለክቶ በቀኖቹ ማባዛት ከዕለት ዕለቱ ልኬት ብዙም አይርቅም። እንዲያውም በየቀኑ ተጻፈ የሚባለው ደብተር ያስጠረጥረኛል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰባት ላም፣ ዓመቱን ሙሉ መመዘን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል።

«30 ሊትር ትሰጣለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንፍታው። ላም ከወለደች በኋላ ወተቷ እየጨመረ ሄዶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በየወሩ ይወርዳል። 30 ሊትር የጫፉ ከሆነ በ305 ቀን (የአንድ ወሊድ ወተት በተለምዶ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው) የምትሰጠው 30 ሲባዛ በ305 አይደለም፤ በደንብ የተያዘች ላም የጫፏን 200 እጥፍ ገደማ ናት የምትሰጠው፣ ማለትም ወደ 6,000 ሊትር። ሻጩና ገዢው ሳይዋሹ፣ በአንድ ቃል ብቻ 3,000 ሊትር ይለያያሉ። መኖው ሲያንስ ቁልቁለቱ ይፈጥናል፤ የእኛ ዲቃሎች ጫፍ ደርሰው ቶሎ ሲወርዱ ማየት የተለመደ ስለሆነ እኔ 200 እጥፉንም በጥንቃቄ ነው የምይዘው።

ድምሩ ሲነገርም በስንት ቀን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንዲት ላም «በአንድ ወሊድ 5,400 ሊትር ሰጠች» ብትባል ያስደንቃል። 450 ቀን የታለበች ከሆነች ግን በአማካይ 12 ሊትር ናት፣ ለዚያን ያህል ጊዜ የታለበችውም ምናልባት ጽንስ አልይዝ ስላለች ነው። ስሪያ ሳትይዝ የከረመች ላም በረጅም መዝገብ ጀግና ትመስላለች። መዝገብ በ305 ቀን እንዲቆረጥ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ከወተቱ ጎን የወሊድ ቀኖቹን ሳላይ ስለ ድምሩ አስተያየት አልሰጥም። ዕድሜም እንዲሁ ነው፦ የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ጊደር ለአካለ መጠን ስትደርስ ከምትሰጠው ሦስት አራተኛ ገደማ ናት የምትሰጠው፣ ከአራተኛ ወሊዷ ላም ጋር ሊትር ለሊትር ማወዳደር ልጅን ከአዋቂ ጋር ማታገል ነው።

የአገር ውስጥ ላሞች ላይ ስህተቱ ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል። ፎገራም ሆነች ቦረና፣ ሆሮም ሆነች በጌት፣ ጥጃዋ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም። ጥጃው ጀምሮ፣ ሰው አልቦ፣ ጥጃው ይጨርሳል። መዝገቡ የሚያውቀው ባልዲ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። አንዷ ላም ለጥጃዋ ብዙ ስለምታስቀር ብቻ «ሰነፍ» ተብላ ከዘር ልትወጣ ትችላለች፤ ጥጃዋ ግን በስድስት ወሩ ከእኩዮቹ በልጦ ታገኙታላችሁ።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ቁጥሩ ትክክል ሆነ እንበል። ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው?

ቢሾፍቱ ላይ ያለ ትልቅ እርባታ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ያቀርባል፤ የበረቱ አማካይ በቀን 20 ሊትር ነው፣ ልትሸጥ የቀረበችው ላም 22 ትሰጣለች። ሰላሌ ያለ ገበሬ ድርቆሽና የተወሰነ ፉርሽካ ይዞ የላሞቹ አማካይ 9 ነው፣ አንዷ ግን 14 ትሰጣለች። ለዘር የትኛዋ ትሻላለች? ገበያው ያለ ማመንታት 22ቷን ይመርጣል። እኔ ሰላሌዋን መጀመሪያ አያታለሁ፤ ያንኑ ሳር በልታ፣ ያንኑ ውሃ ጠጥታ፣ በዚያው ሰው እጅ ታልባ ከጓደኞቿ 5 ሊትር በልጣለች። የቢሾፍቱዋ የበለጠችው 2 ብቻ ነው፣ የቀረው ፋጉሎው ነው።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ያቺ የ5 ሊትር ብልጫ ሁሉ ዘር አይደለችም። የወተት መጠን ልዩነት ውስጥ በውርስ የሚተላለፈው ሩብ ያህሉ ነው፣ ስለዚህ ከ5 ሊትሯ በዘር የምትጠበቀው 1.25 ናት፤ ላም ለልጇ የምታካፍለው ደግሞ የዘሯን ግማሽ ስለሆነ ለጥጃዋ የሚደርሰው 0.6 ሊትር ገደማ ይሆናል። የቢሾፍቱዋ በዚሁ ስሌት 0.25። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን፣ ይስባልም፤ ግን የሚስበው ገዢው ካሰበው በጣም በዝግታ ነው። ሌላው ጥንቃቄ፣ የቢሾፍቱው በረት አማካዩ 20 የሆነው በመኖ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ለዓመታት ጥሩ ዘር ሰብስቦም ይሆናል። በሁለት በረት መካከል መኖውንና ዘሩን ለመለየት የሁለቱም በረት ላሞች የአንድ ኮርማ ልጆች ቢኖሯቸው ነው የሚቻለው። ያ ኮርማ እንደ ድልድይ ያገለግላል፦ ልጆቹ እዚህ ምን ሰጡ፣ እዚያ ምን ሰጡ ተብሎ በረቶቹ ይመዘናሉ። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቻርልስ ሄንደርሰን ለዓመታት የደከመበትና ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ስሌት በመሠረቱ ይህንኑ በሚሊዮን ከብቶች ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ነው። ድልድዩ ከሌለ ኮምፒውተሩም አይረዳም።

ለሥጋና ለክብደት የሚመረጡ ከብቶች ላይም ያው ነው። ቦረና ውስጥ በድርቁ ዓመታት የተወለደ ወይፈን ከደህናው ዓመት ወይፈን ጎን ቆሞ ትንሽ ሆኖ ቢታይ ስለ ዘሩ የሚናገረው ነገር የለም። ከዚያው ዓመት እኩዮቹ ጋር ሲታይ ነው ነገሩ የሚገለጠው፤ እነሱ ሞተው እሱ ተርፎ ከሆነ ደግሞ ሚዛን የማይለካው ነገር አለው ማለት ነው።

ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የሆልስታይን (ጥቁርና ነጩ የወተት ከብት ዝርያ) አርቢዎች «ልዩ መዝገብ» የሚሉት ነበራቸው። ባለቤቱ ከበረቱ የሚተማመንባትን አንዲት ላም መርጦ ያስመዘግባል፤ ያቺ ላም ለብቻዋ ክፍል ይሰጣታል፣ የተመረጠ መኖ ትበላለች፣ በቀን ሦስቴ አራቴ ትታለባለች። በ1920 ከዋሽንግተን ግዛት የካርኔሽን እርባታ ሴጊስ ፒተርቴ ፕሮስፔክት የምትባል ላም በ365 ቀን 37,381 ፓውንድ፣ ወደ 17,000 ኪሎ ወተት ሰጥታ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች፤ ሐውልትም ቆመላት። ልኬቱ ትክክል ነበር፣ የሚመሰክረው ግን አንዲት ላም ያ ሁሉ ተደርጎላት እስከ የት እንደምትደርስ ነው። እህቶቿ የት ናቸው? ያልተመዘገቡትስ? በኋላ ላይ አርቢዎቹ ራሳቸው ወደ ሙሉ በረት ምዝገባ ያዘነበሉት ለዚህ ነው፦ ወይ ሁሉንም አስመዝግብ፣ ወይ ተወው።

የእኛም አገር ደብተር ይህ በሽታ አለበት። አልቀናት ብላ ቶሎ የደረቀችው ላም ገጿ ይቀደዳል፣ የጨነገፈችው አትጻፍም፣ የተሸጠችው ትረሳለች። አምስት ገጽ ብቻ ያለው መዝገብ አምስት ጥሩ ላሞችን ያሳያል። ገጹ ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ መጥፎ ላም የተጻፈበት ደብተር ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ መጥፎውን የጻፈ እጅ ጥሩውንም እንዳየው ጽፎታል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ አባት። «አባቷ የቃሊቲ ኮርማ ነው»፣ ማለትም ዘሩ ቃሊቲ ካለው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የመጣ ነው የሚለው ቃል በገበያ ላይ እንደ ማኅተም ነው። ማረጋገጫው ግን በእያንዳንዱ አርቢ እጅ ያለ ቀላል ሒሳብ ነው። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን፣ ጳጉሜን ካለፈ እሷን መቀነስ። አዳቃዩ ቴክኒሻን ኅዳር 5 ቀን ተዳቅላለች ብሎ ካርድ ሰጠ እንበል። ወሊዷ ነሐሴ 15 አካባቢ ነው፣ ከዚያ ጥቂት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆን ችግር የለውም። ጥጃዋ ግን በእንቁጣጣሽ ዕለት ተወልዳ «እንቁ» ተብላ ከሆነ 301 ቀን ሆነ፤ ከ280 በ21 ይበልጣል። 21 ቀን ላም ካልያዘች እንደገና ኮርማ የምትፈልግበት ዙር ነው። ኅዳር 5 አልያዘችም ማለት ነው፣ ኅዳር 26 ከጎረቤት ኮርማ ጋር ተገናኝታለች፤ ካርዱ ላይ ያለው የቃሊቲ ኮርማ ቁጥር ግን እንዳለ ነው። እንቁ «75 በመቶ ሆልስታይን» ተብላ ትሸጣለች።

ማንም አላጭበረበረም። ቴክኒሻኑ ያደረገውን ጻፈ፣ ባለቤቱም ኮርማው አጥር ዘሎ መግባቱን አላየም። የዘር ምርመራ በደንብ የተደራጀ ምዝገባ ባላቸው አገሮች እንኳ በየበረቱ አባታቸው በስህተት የተጻፈ ከብቶች እንዳሉ ደጋግሞ አሳይቷል። እኛ ጋ የኮርማው በር ክፍት፣ የጆሮ ቁጥሩ የወደቀ፣ ካርዱ የጠፋ በሆነበት፣ «አባቷ እገሌ ነው» የሚለውን ቀኖቹ ካልመሰከሩ በቀር እንደ ወሬ ነው የምወስደው።

ብዙ ሰው የማይወደው ወሬ ያለው ኮርማው ላይ ነው። ኮርማ አይታለብም፤ ስለዚህ «እናቱ 30 ሊትር ሰጪ ናት» ተብሎ ይመረጣል። ይህ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ሊቆጠር ይችላል። ሙሉ እርግጠኝነት 100 ይሁን። እናቱ አንድ የወሊድ ዘመን ብቻ ተመዝግባ፣ ልኬቱም ፍጹም ትክክል ሆኖ፣ ስለ ልጇ የዘር አቅም የምትነግረን 6 ያህል ነው። ሦስት ወሊድ ብትመዘገብ 9። ዕድሜ ልኳን ብትለካ እንኳ ከ12 ወይም 13 አታልፍም። በዚያ ላይ የኮርማ እናት የምትሆን ላም በበረቱ የተወደደችው ናት፣ ከሌሎቹ የተሻለ መኖና ሰፈር የምታገኘው እሷ ናት፤ ስለዚህ ያቺ 6 ራሷ የተጋነነች ናት። በተቃራኒው ኮርማው በተለያየ በረት 15 የሚታለቡ ሴት ልጆች ቢኖሩት እርግጠኝነቱ 50 ይደርሳል፣ 60 ቢሆኑ 80፣ 135 ቢሆኑ 90። አሥራ አምስት ተራ ሴት ልጆች ከአንዲት ዝነኛ እናት ከስምንት እጥፍ በላይ ይናገራሉ።

ለምን ቢባል፣ ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የሚወለዱ ወንድማማቾች እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ የሚወስደው ግማሽ በዕጣ ነው። ሁለቱም ወላጆች እስከ መጨረሻው ቢታወቁ እንኳ ስለ ልጁ የምናውቀው ከ50 አያልፍም፤ ቀሪው ዕጣው ነው፣ ዕጣውን የሚገልጠው ልጅ ወይም ራሱ ዘረ መሉ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ወይፈኑ ዘር እስኪሰጥ፣ ልጆቹ እስኪወለዱ፣ አድገው እስኪወልዱና እስኪታለቡ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ኮርማውን ማቆየት ወይም ዘሩን ማስቀመጥ ገንዘብ ይጠይቃል። የእኛ አገር የማዳቀል ሥራ ለረጅም ዘመን በእናት ወተት ላይ የተደገፈው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ቃሊቲ ያለ አንድ ኮርማ ልጆቹ በሺህ በሚቆጠሩ ግቢዎች ተበትነው ሳለ ስንት ሊትር እንደሚሰጡ ወደ ቃሊቲ የሚመልስ መንገድ አልነበረም። ዘሩ ይወጣል፣ ወሬው አይመለስም። በእኔ ግምት ከመኖ እጥረት ቀጥሎ ትልቁ ብክነት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ማስረጃው አለ፤ በየበረቱ ቆሞ በየቀኑ ይታለባል፣ የሚጽፈው ጠፍቶ ነው።

ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ አንድ ሙከራ ተጀምሯል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም በኢትዮጵያና በታንዛኒያ በጀመረው የወተት ከብት ዝርያ ማሻሻያ ሥራ፣ ወጣት መዝጋቢዎች በየወሩ በየግቢው እየዞሩ ወተቱን በሞባይል መሣሪያ ይመዘግባሉ፣ ከላሞቹም ናሙና ተወስዶ ዘረ መላቸው ይነበባል። የዘረ መሉ ንባብ አባትን በወሬ ከመፈለግ ያድናል፤ ላሟ ምን ያህል የፈረንጅ ዘር እንዳላትም ባለቤቱን ሳይጠይቁ ይታወቃል። አሜሪካኖች በ2009 እ.ኤ.አ. ኮርማን ገና ሳያድግ በዘረ መል መገምገም ሲጀምሩ የስድስት ዓመቱን ጥበቃ አሳጥረውታል። ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ ዘረ መሉ ብቻውን አይናገርም። የሚናገረው ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ላሞች በሚዛን ከተለኩ በኋላ ነው። ደብተሩ የተበላሸበት አገር ዘረ መል ቢያነብም የሚያነበው ያንኑ የተበላሸ ደብተር ነው።

እንከን የሌለው መዝገብስ? ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የሚባል ሆልስታይን ኮርማ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ተወለደ። 16,000 ሴት ልጆች ነበሩት። ስለ ወተት አስተማማኝነቱ ወደ 100 የተጠጋ ነው፤ ልጆቹ ታልበው፣ ተመዝነው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ተወዳድረው በልጠዋል። ዛሬ ባለው የሆልስታይን ዘር ውስጥ ወደ 14 በመቶ የሚሆነው ከእሱ የመጣ ነው። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ግን ማንም ያላወቀው አንድ የተበላሸ ዘረ መል ተሸክሞ ነበር፤ ጽንሱ ያንን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የተነቃው። ተመራማሪዎች ሲያሰሉት በዓለም ዙሪያ ወደ 525,000 ጽንሶች በዚህ ጠፍተዋል። ገበሬው ያየው «ላሜ አልያዘችም፣ ድጋሚ ትዳቀል» የሚል ብቻ ነው። መዝገቡ ወተትን በትክክል ለካ፤ መጨንገፍን ግን የሚጽፍበት አምድ አልነበረውም።

ወደ ቡሬ ልመለስ። ባለቤቱን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። አንደኛው የወተት ማኅበሩን የመረከቢያ ካርድ ነው፤ ያንን የሚጽፈው ገንዘብ ከፋዩ ስለሆነ ማጋነን አይጠቅመውም። በታኅሣሥ አንድ ቀን የሰባቱን ታላቢ ላሞች ወተት ከደብተሩ ስደምር 165 ሆነ፤ በዚያው ቀን ካርዱ ላይ ያለው 88 ነው። ቤተሰቡም ጠጥቶ፣ ጥጃዎቹም ጠብተው፣ ጎረቤትም ወስዶ ነው ብንል 77 ሊትር አይሞላም።

ሁለተኛው፣ «ጋሼ፣ አድረን ስትታለብ እንይ» የሚል ነበር። ደላላው ተቆጣ፤ ባለቤቱ ግን ትንሽ አሰበና እሺ አለ። የአክስቴ ልጅ ያልገባው ለምን ማታውን ብቻ አይተን አንሄድም የሚለው ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ግቷ እንደዚያ የተወጠረ ላም በዚያ ጠዋት አልታለበችም ማለት ነው። ወተቷን «አሳድረውታል»። እንዳልኩትም የዚያን ዕለት ማታ ብቻዋን 14.3 ኪሎ ወረደ፤ ደላላው «አያችሁ!» ብሎ ተነሳ። ያንን አልቆጠርነውም፤ እሱ ግቱን ማጽጃ ነው። በማግስቱ ጠዋት 8.9፣ ማታ 7.6። በድምሩ 16.5 ኪሎ።

16.5 ከወለደች ስድስት ወር ለሆናት ላም አሳፋሪ አይደለም፤ በዚያ በረት ከነበሩት የተሻለችው እሷ ናት። እንደነበረች ብትነገር ኖሮም ትሸጥ ነበር። የአክስቴ ልጅ ዋጋ ሊከራከር ደብተሩን እንደገና ሲገልጥ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመና ወደ እኔ አዞረው፦ «ጳጉሜን 6 ቀን 2017፣ ጠዋት 15፣ ማታ 15»። 2017 ጳጉሜን 5 ነው ያላት። ባለቤቱ ደብተሩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ልጄ ነው የጻፈው» አለ በመጨረሻ።

ቡሬ አሁን የአክስቴ ልጅ በረት ናት። በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ይመዝናታል፤ የየካቲቱ 15.9፣ የመጋቢቱ 14.7።